ወንበሩ የተበላሸ መኪና ፍለጋ

የምሥራች።

«ምሥር ብዪ» በሉኝና ልቀጥል። ገብታለች። ገብታ ወጥታለች፤ ወጥታም እንደገና ገብታለች። በሩን በገዛ እጇ ስባ ዘግታ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን ትጠብቃለህ ታዲያ፣ ንዳት እንጂ» ብላለች። ማንም ብብቷን አልያዘም። ማንም «ቀስ፣ ቀስ፣ እግሯን፣ እግሯን» አላለም። ደጃፌ ላይ ቆሜ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ብቻዬን ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው ይሄን ብዕር ያነሣሁት።

ማን ገባች፣ ምን ውስጥ ገባች ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። ደስታው ቀድሞኝ እንጂ ነገሩ ሥር አለው፤ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤቴ የመኪና ወንበር ሰፊ ነው። ሰው ቤት ሲጋበዝ፣ ክሊኒክ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ለቅሶ ሊደርስ ሲሄድ እንኳን፣ የሚቀመጥበትን ነገር በመዳፉ ጫን ጫን ሳያደርግ አይቀመጥም። ሚስቱ በክርኗ ትጎስመዋለች። እሱ «ምን አደረግሁ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ እሱ አያውቀውም፤ እጁ ነው የሚያደርገው።

እጁን እንዲህ ያስለመዱት ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ወንበር የሚመረምሩት በዳበሳ ነበር። ያኔ ገና ጢም ያላበቀለውን ጎረቤቴን እጁን ይዘው ወንበሩ ላይ ያሳርፉና እንደ ፊደል ያስቆጥሩታል። «እዚህ ጋ ንካ። በበሩ በኩል ሰምጧል? ሰውየው ሲነዳ ይጋደማል፤ ስፖንጁን በዚያ በኩል ጠንከር አድርግለት። ጠርዙ ተልጧል? ሲወጣ ሲወርድ የሚውል ሰው ነው፤ ወይ ደላላ ነው ወይ ሐኪም። የኋላው ወንበር አዲስ ሆኖ የፊቱ ብቻ ካለቀ ደግሞ፣ ልጄ፣ ብቸኛ ሰው ነው፤ ሻይ ጋብዘው።»

ወንበር ሰፊው እንዲህ አድርጎ ስንቱን ሰው ፊቱን ሳያይ በወንበሩ አወቀ። የራሱ መኪና ግን ኖሮት አያውቅም። መንጃ ፈቃድ አለው፤ በወጣትነቱ «መቼም አንድ ቀን» ብሎ አውጥቶ፣ ጊዜው ባለፈ ቁጥር እያሳደሰ ይኸው እስከ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ነው። የሚነዳው የደንበኛን መኪና ከመንገድ ወደ ጋራዡ፣ ከጋራዡ ወደ መንገድ ብቻ ነው። ጋራዡ ጠባብ ስለሆነ መውጫው በኋላ ማርሽ ነው። እኛ ጎረቤቶቹ «ወደ ኋላ ከሆነማ አገር ያቋርጣል» እያልን እንስቅበታለን።

ሚስቱንም ያገኛት በወንበር ነው። መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ከመስኮቱ ጀርባ የምትቀመጥበት ወንበር ሚስማር አውጥቶ ቀሚሷን ይቀድባታል። የአውቶብስ ወንበር ሊያስረክብ የመጣውን ወጣት ጠርታ «ወንድም፣ ይሄ ወንበር ልብሴን በልቶ ሊጨርስ ነው» አለችው። መዶሻውን አውጥቶ መታላት። በሳምንቱ ሌላ ሚስማር ብቅ አለ። ያንንም መታ። ደግሞ ሌላ። እሷ እስከ ዛሬ «ሆን ብለህ ነው እያላላህ የመታኸው» ትለዋለች። እሱ እስከ ዛሬ «ያኔ ሚስማር ራሱ ጥራት አልነበረውም» ይላል።

እንደተጋቡ የሚኖሩት ከጋራዡ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ምሳ ይዛለት ስትመጣ፣ ተሰፍቶ ማስቲሹ እስኪደርቅ የቆመ የሰው መኪና አይጠፋም። «ግቢ እስቲ፣ ልፈትነው» ይላታል። የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ማስቲሹ ይሸታል፣ አዲሱ ጨርቅ ይሸታል፤ የፊቱ መስታወት የሚያሳያቸው የጋራዡን ግድግዳና ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የጎማ ከመነዳሪ ነው። እሷ ጉሮሮዋን ትጠርግና በመናኸሪያው ድምፅዋ «ዛሬ የት ደረስን?» ትላለች።

«ሐይቁ ጋ።»

«ሐይቁ ጋማ አውቶብስ ያለው ሐሙስ ብቻ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«እንግዲያው ድልድዩን ተሻግረን እህትሽ ጋ።»

«እሱ ይሁን። በል ውረድና ዕቃዬን አውርድልኝ።»

እንዲህ እያሉ በቆመ መኪና ያልሄዱበት አገር የለም። ልጃቸው ስትወለድ መሐላቸው ትቀመጥ ጀመር፤ ባልተንቀሳቀሰ መኪና የሚያስመልሳት ልጅ በዓለም ላይ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። አሁን አድጋ፣ ትዳር ይዛ፣ ርቃ ነው የምትኖረው። ከዚያ ወዲህ ወንበር ሰፊው ስንትና ስንት ጥሩ ጥሩ መኪና ሰፍቷል፤ እንደዚያ የጣመው ጉዞ ግን የለም። ይሄን ሲነግረኝ መዳፉ የእኔን ሶፋ ጫን ጫን ያደርግ ነበር።

ያለፈው ክረምት ሚስቱ እርጥብ ደረጃ ላይ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ፤ በክራንች ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ ማለትም ጀመረች። ጣጣው የመጣው ከሆስፒታል በተመለሰችበት ቀን ነው። የመጣችበት ታክሲ ዝቅ ያለ ስለነበር ሁለት ጎረምሶች ተጠርተው አወጧት። አንዱ «ያዝክ?» ይላል፤ ሌላው «ይዣለሁ፣ ወደ አንተ ሳባት» ይላል። ቁም ሣጥን የሚያወርዱ ነበር የሚመስሉት። አልጋዋ ላይ ከተቀመጠች በኋላ አመስግና ሸኘቻቸውና ወደ ባሏ ዞረች።

«ሁለተኛ ማንም አያነሣኝም» አለች። «ራሴ የማልገባበት መኪና ውስጥ አልገባም። ራሴ የማልወርድበት ቦታም አልሄድም።»

ይህቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ «ሞልቷል» ካለች ሞልቷል ነው፤ መስኮቷ ላይ ቆሞ፣ ለምኖ ሐሳቧን ያስለወጣት መንገደኛ የለም። ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ፤ እሷ ከቤት አልወጣችም። እህቷ ያለችው ከወንዙ ማዶ ነው። ታላቋ ናት፤ የእሷም ጉልበት አይታዘዝላትም። ድሮ በየሳምንቱ እየተገናኙ ይጨቃጨቁ ነበር። አሁን በስልክ ይጨቃጨቃሉ፤ ግን እንደ ፊት ለፊቱ አልሆነላቸውም። «ስትቆጪ ፊትሽን ሳላየው ምኑ ይጥማል» ትላታለች ታላቅየዋ። ስልኩ ሲዘጋ ሚስቱ ወንበሯን ወደ ሳሎኑ መስኮት አስጠግታ መንገዱን ታያለች። መስኮት አለ፤ ትኬት የሚጠይቃት ግን የለም።

ወንበር ሰፊው ያን ጀርባዋን ከኋላ ሆኖ ሲያይ ነው መኪና ለመግዛት የቆረጠው። ለጋራዡ ጣሪያ ብለው ያስቀመጧት ትንሽ ገንዘብ ነበረች። መኪና ትገዛለች ብሎ የሚጠረጥራት የለም፤ ያገለገለ መኪና፣ ብዙ ያገለገለ መኪና ከሆነ ግን ትሞክር ይሆናል። «ጣሪያው ትንሽ ያፍስስ» አለ ለራሱ።

በቤታቸው ውስጥ ሚስቱ ማንንም ሳትጠራ ቁጭ ብድግ የምትልበት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ወጥ ቤት ያለችው በርጩማ። ለእሷ ቁመት ብሎ ራሱ የሠራት ናት። የመኪናው ወንበር ከመሬት የበርጩማዋን ያህል ከፍ ካለ ነገሩ አለቀ ብሎ አሰበ። በርጩማዋን ብብቱ ሥር ወሽቆ አሮጌ መኪና ወደሚሸጥበት ሜዳ ሄደ።

ደላላው ከሩቅ አየው። «ጋሼ፣ ምነው በርጩማ ተሸክመው? እኛ እኮ መቀመጫ አንነፍግዎትም።»

«መለኪያ ነው።»

«የምን?»

«የባለቤቴ።»

ደላላው በርጩማዋን አየ፤ ሰውየውን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አጠር ያሉ ናቸው?» አለ።

ነገሩ ሲነገረው ግን ተቆረቆረ፤ በርጩማዋን ራሱ ተቀብሎ ከመኪና መኪና ይዞራት ጀመር። በየበሩ ሥር ያስቀምጧታል፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ያነሷታል። ዝቅ ዝቅ ያሉት ጋ ሲደርሱ ወንበር ሰፊው «እነዚህ የሚገባባቸው አይደሉም፣ የሚወደቅባቸው ናቸው» አለ። ከፍ ከፍ ያሉት ጋ ሲደርሱ ደግሞ «መሰላሉ አብሮ ነው የሚሸጠው?»

«በትእዛዝ» አለ ደላላው።

በመጨረሻ አንዲት ነጭ መኪና ጋ ሲደርሱ እጁ ቀድሞት ገባ። መዳፉ ወንበሩ ላይ አርፎ እዚያው ቀረ።

«ይሄን የሰፋው ማነው?»

«ፋብሪካው ነዋ ጋሼ።»

«የለም፣ የእጅ ነው። ማዕዘኑ ላይ እንዳይተረተር ክሩን መልሶ አሳልፎታል። ይሄ ሰው አስተማሪ ነበረው።»

ጨርቁ አረንጓዴ ነው፤ ቀጭን ቢጫ መስመር አለው። አልሰመጠም፣ አልተላጠም። ሽማግሌው እንዳስተማሩት በእጁ አነበበውና፣ ብዙ ያልተነዳ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው የያዘው መኪና ነው አለ። ደላላው ከአፉ ቀለብ አደረገው። «ታዲያስ፣ ባለቤቷ እኮ መምህር ነበሩ። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት።» ኋላ እንደሰማሁት እዚያ ሜዳ ላይ የቆሙት መኪናዎች ባለቤቶች በሙሉ መምህር ነበሩ።

ወንበሯ ከበርጩማዋ ዝቅ ይላል። ወንበር ሰፊው በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ መኪናዋን አየ፤ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ በርጩማዋን አየ፤ «ትንሽ ናት፣ ትለምደዋለች» ብሎ ራሱን ሸነገለ። ጋራዡን የሚጋራው መካኒክ አለ፤ እሱን ሊያሳያት አስቦ ነበር። ግን ይሄን መካኒክ ሰው ሁሉ «ነገ ና» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ የሚመልሰው ይሄንኑ ስለሆነ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የያዘውን ሳይጨርስ ሌላ አይነካም። «ነገ ና እስኪለኝ ሰው ቢቀድመኝስ» አለ ወንበር ሰፊው። ደላላውን «እቤት አምጣልኝ፤ ሚስቴ ከወደደቻት እወስዳታለሁ» ብሎት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ በራቸው ላይ ቆመች። ሚስቱ በአንድ እጇ ክራንቿን፣ በሌላው ትራሷን ይዛ ብቅ አለች። ይቺ ትራስ የጀርባዋ መደገፊያ ናት፤ ከመስኮቱ ሥራ ጀምሮ ተለይታት አታውቅም። ባሏ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ውዳሴውን ጀመረ። ይሄ ስፌት፣ ይሄ ማዕዘን፣ ይሄን የሰፋው ሰው አስተማሪ ነበረው፣ እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የት ይገኛል። እሷ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ትራሷን ወንበሩ ላይ አስደገፈቻት።

ትራሷ ጠፋች። እዚያው አለች ግን አትታይም፤ አረንጓዴው አረንጓዴው ላይ፣ ቢጫው መስመር ቢጫው መስመር ላይ። ትንሽ ከመገርጣቷ በቀር አንድ ናቸው።

«ይሄን የሰፋው ሰው አስተማሪ ነበረው አልክ?» አለች።

«አዎ፣ ምክንያቱም ማዕዘኑ ላይ . . .» ብሎ ቆመ።

«አስተማሪውንማ እኔም አውቃቸዋለሁ። ዓይናቸው ደከም ያለ ነበር።»

ወንበር ሰፊው እጁን ከወንበሩ ላይ አነሣ፤ ሰው ኪስ ገብቶ የተያዘ ይመስል። አስታወሰ። ያኔ መኪናዋ ቀይ ነበረች። ዕቃ ጭኖ አገር ለአገር የሚዞር ነጋዴ ነበር ያመጣት፤ ወንበሯ እስከ ሽቦው አልቆ። «ልሸጣት ነው፣ አሳምርልኝ» አለው፤ አሳመረለት። ከጨርቁ የተረፈችውን ቁራጭ ለሚስቱ ትራስ አደረጋት። እንግዲህ ያነበበው የመኪናዋን ታሪክ ሳይሆን የገዛ እጁን ነው። እንዴት እንዳላወቀው ስጠይቀው «የራሴን ሥራ ሳይ ጉድለቱ ነው የሚታየኝ። ያን ቀን የሌላ ሰው መስሎኝ ነው ያማረብኝ» አለኝ።

ሚስቱ ግን መኪናዋን ትክ ብላ እያየች ነበር። «በዚች ሐይቁ ጋ ደርሰናል እኮ» አለች፣ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ። «ሐሙስ ነበር። ማስቲሹ እጅጌዬ ላይ ተጣብቆ።»

«እንግዲያውማ እንውሰዳት» አለ እሱ።

እስቲ ልሞክራት ብላ ገባች። ገባች ከማለት ሰመጠች ማለት ይሻላል። ልትነሣ ስትል እግሯ አልታዘዝ አላት። ባሏ እጁን ሲዘረጋ እጁን መታ መለሰችው። በሩን ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እንደምንም ወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች።

ያኔ መካኒኩ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ በዚያ አለፈ። ኮፈኑን ከፈተ፣ «አስነሣት» አለ፣ ከማርሚታዋ የወጣውን ሰማያዊ ጭስ በእጁ እያራገበ አየ። ወንበር ሰፊው ትከሻ ላይ እጁን ጣል አድርጎ «ይቺንስ ነገም አትግዛት» አለው።

ደላላው ቁልፉን ተቀብሎ ገባ። «ያም ሆነ ይህ ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ ዋስትና እንዳለው አይተናል» ብሎ በጭሱ ውስጥ ሄደ።

ያን ቀን እራት ላይ ወንበር ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ዳቦውን ይቆራርሳል እንጂ አይበላም። ሚስቱ በርጩማዋ ላይ ሆና ታየዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁልጊዜ ወንበሩን ነው የምታየው።»

«ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። የምታውቀው ወንበር ነው። የምታውቀውን ምን ልታደርገው ትገዛለህ? ወንበሩን አንተ ትሰፋዋለህ። ሞተር ትሰፋለህ?»

«አልሰፋም።»

«ፍሬን ትሰፋለህ?»

«አንቺ ደግሞ።»

«እንግዲያው ሂድና ወንበሩ የተበላሸ መኪና ፈልግ። ወንበሩ እንደ ጉድ የተበላሸ፣ ሌላው ደህና የሆነ። ሰው ወንበሩን አይቶ ይሸሸዋል፤ ዋጋውም ከአቅማችን ይገጥማል። ሰፊው እንደሆነ እዚህ ተቀምጦ ዳቦ ያባክናል።»

ወንበር ሰፊው ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። ዕድሜ ልኩን ሰው ሞተሩ ደህና፣ ወንበሩ የተቀደደ መኪና ሲያመጣለት ኖሯል፤ ጋራዡ የቆመው በዚያ ነው። ራሱ ሊገዛ ሲወጣ ግን ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው ምንም የማይጎድለውን ወንበር ነው።

በማግስቱ ደላላው ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገመው። «ወንበሩ የተበላሸ? ጆሮዬ ነው እንዴ ጋሼ?» ከዚያ ትንሽ አሰበና ወደ ሜዳው ጥግ ወሰደው። እዚያ ከሌሎቹ ጀርባ ተደብቃ አራት ማዕዘን የሆነች፣ ቁመተ ረጅም፣ ሰናፍጭ የመሰለች መኪና ቆማለች። በሮቿ ሲከፈቱ ሽታው ቀድሞ ይወርዳል። ጋቢናው ተቧጭሮ ሽቦው ይታያል፤ የኋላው ደግሞ ጨርቅ ነበረ ለማለት ያህል ነው። ወንበር ሰፊው መዳፉን በመሪው በኩል ባለው ጠርዝ ላይ አሳለፈ። ተልጧል።

«ሲወጣ ሲወርድ የሚውል ሰው» አለ። «ደላላ ነው ወይስ ሐኪም?»

ደላላው ደነገጠ። «ሐኪም ናቸው። የከብት። በየገጠሩ ይዞሩባት ነበር፤ አሁን ቢሮ ገቡ። ዘይቷን በወቅቱ ነው የሚቀይሩት፣ ሁሉ ነገሯ በወቅቱ ነው። ግን ውሻውንም ፍየሉንም ጭነውባታል። አንዴ ጥጃ ጋቢና ተቀምጦ አይቻለሁ።» በዚያ ሜዳ የመጀመሪያው መምህር ያልሆነ ባለቤት ተገኘ።

በርጩማዋ መጣች። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በሩ ሲከፈት ወለል ብሎ ይሄዳል። ወንበሩ ከበርጩማዋ ያንሳል፤ ወንበር ግን የእሱ ሥራ ነው። መካኒኩ ዘንድ ሄዶ ነገረው። «ነገ ና» አለው። በነጋታው ሄደ፤ አብረው መጡ። መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ተጋደመ፣ ተነሣ፣ አስነሣት፣ ጆሮውን ደቅኖ አዳመጣት፣ ዳገቱን ነድቷት ተመለሰ። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ዛሬ» አለ በመጨረሻ።

«ዛሬ ምን?»

«ዛሬ ግዛት።»

ወንበር ሰፊው ጋራዥ ሲጋሩ ከዚህ ሰው አፍ ይሄን ቃል ሰምቶ አያውቅም። ወዲያው ወደ ደላላው ዞሮ ወንበሩን በሁለት ጣቱ ነካ፤ ፊቱንም አጨማደደ።

«ይሄን ማሰፋት ስንት እንደሚያስወጣ ታውቃለህ? ሰፊው ውድ ነው።»

«ጋሼ፣ ሰፊው እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«ለዚህ እኮ ነው ውድነቱን የማውቀው።»

ደላላው ሳቁ አመለጠው፤ የሳቀ ደላላ ደግሞ ዋጋ ላይ አይበረታም። ጣሪያው ትንሽ ቢያፈስም፣ መኪናዋ መጣች።

ሥራውን ቤቱ ድረስ አምጥቶት ስለነበር ከዚያ በኋላ ያለውን በግድግዳው በኩል ነው የሰማሁት። ወንበሮቹን ነቅሎ እስከ ብረታቸው አራቆታቸው፤ አጠባቸው፤ የጥጃው ነገር ግን ቶሎ አልለቀቀም። መካኒኩ ከጋቢናው ሥር ጠንካራ መሠረት አበጅቶ በብሎን አሰረው፤ ከፍታው በበርጩማዋ ልክ ሆነ። ከዚያ የስፌት መኪናው ድምፅ ጀመረ። ለሚጋደሙ ሰዎች በበሩ በኩል ሲጠቀጥቅ የኖረውን ስፖንጅ አሁን ከዚያው በኩል ቆረጠው፤ የምትገባው በዚያ ነዋ፣ ዳሌዋን የሚገታት ነገር እንዳይኖር። ጠዋት ጠዋት «ነይ ቁጭ በይ» ይላታል፤ እሷም ገና የሰፋውን እየነቀፈች ትመለሳለች። የመጀመሪያው ጨርቅ ያዝ ያደርጋል፣ ስትዞር ቀሚሷን ይጎትታል። «እንደ ድሮው ወንበሬ ሆነብህ» አለችው። አፍርሶ በሚያንሸራትት ጨርቅ መለሰው።

አንድ ቀን ትራሷን ተርትራ ጨርቋን አጣጥፋ ሰጠችው። «ወንበሩ ከደገፈኝ ትራስ ምን ያደርግልኛል» አለች። ያቺ አረንጓዴ ቁራጭ አሁን የወንበሩ ጠርዝ ላይ ናት፤ ስትገባ እጇ የሚያርፍባት ቦታ ላይ።

ዛሬ ጠዋት መኪናዋ በራቸው ላይ ቆመች። ወንበር ሰፊው በሩን ከፈተና ጋቢናውን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገ። ዛሬ ማንም በክርኑ አልጎሰመውም። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ኪሱ ውስጥ ምን ያህል እንደጨበጣቸው ከእኔ በር ድረስ ይታይ ነበር።

ክራንቿን መኪናዋን አስደገፈች። ጀርባዋን ሰጥታ አረንጓዴዋ ላይ እጇን አሳረፈች። ቁጭ አለች፤ ወጥ ቤቷ ውስጥ እንደምትቀመጠው። ዞረች። አንድ እግሯን፣ ከዚያ ሌላውን አስገባች። ክራንቿን አነሣች። ትንሽ ቆየችና ሁሉንም ወደ ኋላ መልሳ ወጣች፣ በሁለት እግሯ ቆመች፣ ወደ እኛም ሳታይ እንደገና ገባች። ለማረጋገጥ ይመስለኛል። ወይም ስለጣማት።

ወንበር ሰፊው መሪውን ያዘ። በኋላ ማርሽ ከቅያሳችን ሲወጣ ውሃ ሲፈስ ነበር የሚመስለው። መንገዱ ላይ ደርሶ ወደ ፊት ማርሽ ሊያስገባ ሲል ግን ቆመ። ከፊቱ ሲጠብቀው የኖረው ግድግዳ የለም፤ ከመነዳሪም የለም። መንገድ ነው።

«ዛሬ የት ደረስን?» አለች በመናኸሪያው ድምፅዋ።

«ገና አልተነሣንም እኮ።»

«እኔ ምን ጊዜም የምጠይቅህ ሳንነሣ ነው።»

«ድልድዩን ተሻግረን እህትሽ ጋ» አለ።

«ዛሬ አውቶብስ አለ?»

«አንድ ቦታ ነበረን።»

«እሱም ሞላ» አለችና መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን አለች። ሄዱ። ማዕዘኑን ሲዞሩ እጇ በመስኮቱ ወጥቶ ነበር፤ ለእኔ ይሁን ለነፋሱ አላውቅም።

ታላቅ እህትየዋ ከድልድዩ ማዶ ሆና እስካሁን ጭቅጭቁን እንደጀመረችው አልጠራጠርም። ሲመለሱ የሚያልፉት በመናኸሪያው በር ነው። እዚያ የድሮ ባልደረቦቿ አሁንም መስኮቱ ጋ ናቸው፤ አንዷ በቅርቡ አግኝታኝ «መቼም ከእንግዲህ አትወጣም አይደል?» ስትለኝ የምመልስላት አጥቼ ነበር። አሁን አለኝ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች፣ መስኮቱ ሳይዘጋ መድረስ አለብኝ። ሰናፍጭ የመሰለች መኪና ስትመጣ ሁሉም መንገድ ዳር ወጥተው ይጠብቋት። ወረቀቱን እዚሁ ልተወው፤ ጫማዬ የት ገባ?